ዐምደ ቡታጅራ ሙዝደሊፋ ኳስ የያዘበት ዕለት

በዘመነ ኮንቴይነር፣ የሞላላው ኳስ ሊግ በአራት ከተሞች ላይ በነገሠበት በመጀመሪያውና በመጨረሻው ዓመት፣ በወርኃ ኅዳር፣ የመስቃን በርበሬ ቀልቶ ወደ ገበያ በሚወርድበት ወራት፣ ጸዋሬ ፍራሽ፣ ሐጹረ ራምዚ፣ ዐምደ ቡታጅራ የተባለ ሙዝደሊፋ በወልቂጤ ሜዳ ላይ የሠራውን ሥራ፣ ሳንጨምር፣ እንዳያልቅብን ስለምንሳሳለትም ምንም ሳንቀንስ፣ እነሆ እንጽፋለን። ጸዋሬ ፍራሽ መባሉ በአክስቱ ሱቅ የተሸጠውን የስፖንጅ ፍራሽ በጀርባው እየተሸከመ ለገዢ ቤት የሚያደርስ እሱ ስለ ሆነ ነው፤ ሐጹረ ራምዚ፣ ማለትም የራምዚ አጥር፣ መባሉን ግን ታሪኩ ራሱ ይገልጠዋል።

የዘመኑ አመጣጥ እንዲህ ነው። የሶዶ ተወላጅ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ የሆኑት አቶ ሀብተጊዮርጊስ ያገለገለ የስፖርት ዕቃ በኮንቴይነር አስመጡ፤ ኮንቴይነሩም በተከፈተ ጊዜ የሚጠብቁት ክብ ኳስ ጠፍቶ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ፣ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር እግዜር ብቻ የሚያውቀው ሞላላ ኳስ፣ ከራስ ቁርና ከትከሻ ጥሩር ጋር ተቆልሎ ተገኘ። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ራሱን ይዞ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን የሚያፍሩ ሰው አልነበሩምና ወዲያው እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦ «ኳሱ አልተበላሸም፤ ጨዋታውን ያላወቅነው እኛ ነን። አሜሪካኖች የሚጫወቱት በዚህ ነው። እኛም እንጫወትበታለን፣ ያውም ፕሮፌሽናል ሆነን።»

በዚህም አዋጅ አራት ቡድኖች ተመሠረቱ፤ ስማቸውም የቡታጅራ ነጎድጓድ፣ የወልቂጤ ጎርፍ፣ የአረቅጥ ውርጭና የጥያ ድንጋዮች ተባለ። ፕሮፌሽናል መባላቸው በልምምድ ላይ ለያንዳንዱ ተጫዋች የታሸገ ውሃ ስለሚታደለው ነው፤ ከዚያ ዘመን በፊት በቡታጅራ ሮጦ የጠማው ሰው ቧንቧ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጠጣ ነበርና። ይሁን እንጂ ሊጉ ገና ሳይጠና ይሸረሸር ጀመር። የአረቅጥ ውርጭ ድንቹ የሚለቀምበት ጊዜ ሲደርስ ፀሐይ እንዳየ ውርጭ ጠፋ። የጥያ ድንጋዮችም ስማቸውን አክብረው ከቆሙበት አልነቃነቅ አሉ፤ ሩጡ ቢባሉም «ማን አባረረን?» ብለው መለሱ። የቀሩት ነጎድጓድና ጎርፍ ብቻ ሆኑ።

የነጎድጓድ አሰልጣኝ ራምዚ የሚባል ጸጉር አስተካካይ ነበር። እሱም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ሁሉ በስልኩ ቪዲዮ እያየ የሞላላውን ኳስ ሕግ የተማረ፣ ክንዱ ቀጭን ቢሆንም ኳስ ሲወረውር የሚያስደንቅ ነበርና አሰልጣኝም ወርዋሪም ሆነ። በዚህ ጨዋታ ወርዋሪ የሆነ ሰው ኳሱን ይዞ ለማን እንደሚወረውር ሲያስብ ጠላት በሙሉ በእሱ ላይ ይመጣል፤ ስለዚህም ከፊቱ የሚቆም ግንብ ያስፈልገዋል። ራምዚም ግንብ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር፣ በገበያው መሀል ሁለት ድርብ ፍራሽ ተሸክሞ፣ ባጃጅ ሲገፋው ሳይሰማው የሚያልፈውን ሙዝደሊፋን አየ። ሜዳ ወስዶም ከፊቱ አቆመውና እንዲህ አለው፦ «እዚህ ቁም። ማንም እንዳያልፍህ። ኳሱን አትንካ፣ የአንተ ቦታ ሥራው እሱ አይደለም። ዝም ብለህ ቁም።»

ሙዝደሊፋም ይህን ቃል በሰማ ጊዜ ደስታው ልክ አልነበረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሰውነቱ ትልቅ ስለ ሆነ በትምህርት ቤት «ሰሌዳውን ጋረድክብን፣ ዞር በል»፣ በታክሲ ውስጥ «ጠጋ በል»፣ በገበያ «ፍራሹን ዘወር አድርግ» እየተባለ ነው ያደገው፤ ቁም ያለው የመጀመሪያው ሰው ራምዚ ነበር። ስለዚህም ቆመ። በልምምዱ ሁሉ ቆመ። ከኮንቴይነሩ የራስ ቁሮች አንዱም ለራሱ አልበቃ ስላለው ከጎረቤቱ የሞተር ሳይክል ሄልሜት ተውሶ፣ መስተዋቱን ወደ ላይ ገልጦ ቆመ። ራምዚም ከጀርባው እንደ ንጉሥ በድንኳኑ ሆኖ በእርጋታ ይወረውር ነበር።

ነገር ግን የዐምደ ቡታጅራ እናት፣ ክብርት ወይዘሮ ፈቲሀ፣ በገበያው የታወቁ በርበሬ ነጋዴ፣ በአንድ ሰርግ ላይ በጎረቤቶቻቸው ፊት አፈሩ። አንዲት ሴት በሳቅ መሀል፣ «ልጅሽ ኳስ ተጫዋች ነው ይሉኛል፣ ግን ኳስ ሲነካ ያየው የለም አሉ፣ እውነት ነው?» አለቻቸው። ወይዘሮዋም በማግስቱ ወደ ራምዚ ጸጉር ቤት ገቡ፤ ራምዚም የአንድ ደንበኛ ጸጉር ግማሹን ላጭቶ ግማሹ ቀርቶት ነበር።

«ልጄን ኳስ የከለከልከው ምን አጥፍቶ ነው?» አሉት።

«ኧረ ምንም አላጠፋም እትዬ ፈቲሀ። ቦታው ነው። በሱ ቦታ የቆመ ሰው ኳስ አይነካም።»

«እስከ መቼ ነው የማይነካው?»

«እስከ መጨረሻው።»

ወይዘሮዋም፣ ግማሽ ጸጉር ያለው ደንበኛ ምስክር ሆኖ ሳለ፣ ይህን አዋጅ ዐወጁ፦ «እሑድ ወልቂጤ ስትጫወቱ እኔም እመጣለሁ። ልጄን ኳስ ይዞ ካየሁት ይቀጥል፣ አልናገርም። ካላየሁት ግን ሰኞ መርካቶ ወንድሜ ሱቅ ይገባል። ቆሞ መዋል እዚያም ይቻላል።»

ይህም አዋጅ ለሙዝደሊፋ በተነገረው ጊዜ ፍራሹን ከጀርባው አውርዶ በላዩ ተቀመጠበት። ከዚህ ቀደም አጎቱ ዘንድ አንድ ክረምት ከርሞ ነበርና መርካቶን ያውቀዋል፤ በዚያ ክረምት ስሙን የጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «አንተ ትልቁ» ይለው ነበር። ራምዚን ቦታ እንዲለውጥለት ሊለምነው አስቦ እስከ ጸጉር ቤቱ በር ደረሰ፤ ነገር ግን ቦታውን ቢለቅ ከራምዚ ፊት ማን ሊቆም እንደሚችል ባሰበ ጊዜ፣ ሳይናገር ተመለሰ።

ወእምዝ፣ እሑድ በነጋ ጊዜ፣ የነጎድጓድ ሠራዊት በአንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተጭኖ ወደ ወልቂጤ ዘመተ። ዐምደ ቡታጅራን የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ አሰልጣኙ ራምዚ ከነመቀሱ፣ በመንገድ ጸጉሩ የሚስተካከል ቢገኝ ብሎ፤ ጎማ ለጣፊው ከነልጆቹ፤ የፑል ቤቱ ባለቤት፣ ፑል ቤቱን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ ወንድሙም ተከትሎት የመጣ፤ ሥራቸውን የተዉ የባጃጅ ሾፌሮች፣ ራሳቸው ባለመንዳታቸው መንገዱን ሁሉ ሲተቹ የዋሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊው፣ በጥሩሩ ላይ ነጎድጓድ የሳለ፣ ነጎድጓዱም የተጠበሰ ዓሣ የመሰለበት፤ ወልቂጤ ወስጄ እሸጣታለሁ ብሎ ፍየል የጫነ አንድ ሰው፤ ፍየሊቱ ራሷ፤ ከሁሉም በፊት ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡት ወይዘሮ ፈቲሀ። በአረቅጥ በኩል ሲያልፉ ብርዱ እስከ አጥንት ገባ፤ ወይዘሮዋ ግን መስኮቱን አልዘጉም፤ ልጃቸውንም በመንገዱ ሁሉ አላናገሩትም። እሱም የሄልሜቱን መስተዋት ዘግቶ ተቀመጠ።

በወልቂጤ ሜዳ በደረሱ ጊዜ ግን ሊጉ ሞቶ ጠበቃቸው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በጠዋቱ ይገኛሉ ተብሎ አልተገኙም፤ ራምዚ ደወለ፤ የወልቂጤ ጎርፍ አምበል የሆነው አናጢው ሰይዶም ደወለ። አዋጁን የተናገረችው በስልክ ውስጥ የምትኖር፣ ፊቷን ማንም ያላየው ያች ሴት ናት፦ «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።» በእንግሊዝኛም ደገመችው። በዚህ ቃል ዘመነ ኮንቴይነር ተፈጸመ፤ ኳሱም ባለቤት አልባ ሆነ።

ራምዚ የራስ ቁሩን አውልቆ ሳሩ ላይ ተቀመጠ። «አለቀ በቃ» አለ። «ሾፌሩ ሳይሄድ እንመለስ።»

ሰይዶም፣ «እኛም ከነጋ ጀምሮ ቆመን ደክሞናል» አለ። «የከተማው ልጆችም ሜዳውን ለኳሳቸው ይፈልጉታል።»

ያን ጊዜ ብዙ የማይናገረው ሙዝደሊፋ ወደ ሰይዶ ቀረበና፣ «ኡሚ መጥታለች» አለ።

ሰይዶ ዞር ብሎ አየ። ወይዘሮ ፈቲሀ ከሜዳው ዳር በድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጥላ ዘርግተው፣ ከአንዲት ሸንኮራ ሻጭ ጋር ይነጋገሩ ነበር።

«እናትህ ናቸው?»

«አዎ። ስጫወት አይታኝ አታውቅም።»

ሰይዶ የአናጢነት እጁን በሱሪው ጠረገ፤ የቡድኑንም ልጆች ወደ ሜዳው ጠራቸው። ለዳኝነት የተመረጠችው፣ ሚስጥር የምትባል የወልቂጤ የስፖርት መምህርት፣ «ደሞዝ የለም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች፤ የለም ባሏት ጊዜ ፊሽካዋን ካንገቷ አንሥታ፣ «እኔም ለመንፋት ነው የመጣሁት» አለች። የከተማውን ልጆችም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስፈቀደቻቸው። ሜዳውም ድንበሩ በሰጋቱራ ተሠምሮ ነበር፤ ሰጋቱራውን ያመጣው ሰይዶ ከገዛ የእንጨት ሥራ ቤቱ ነው።

ፊሽካውም በተነፋ ጊዜ የጎርፍ ሰዎች እንደ ስማቸው ጎረፉ። መጀመሪያ በፊት መጡ፤ ሙዝደሊፋ ቆሞ ነበርና ተመለሱ። ከዚያም በቀኝ መጡ፤ ወደ ቀኝ ተራምዶ ቆመ። በግራም መጡ፤ በግራ ቆመ። ሁለት ሆነው ወገቡን ያዙት፤ እሱም ፍራሽ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ አድርጎ አስቀመጣቸው፤ አንዱንም «ተጎዳህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ከጀርባው ራምዚ ይወረውራል፤ የራምዚን ኳስ የሚቀበሉት ግን ሁሉም እጃቸው ቅቤ የተቀባ ይመስል ነበርና ይጥሉታል። የወልቂጤ ወርዋሪ ደግሞ ክንዱ ብርቱ ሆኖ ዓላማው ደካማ ስለ ነበር በአንዱ ኳስ ፍየሊቱን መታ፤ ፍየሊቱም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ጀርባዋን ለጨዋታው ሰጠች። በዚህ ሁኔታ አንዱም ሳያገባ ሰዓቱ ወደ ማለቁ ተቃረበ።

ወይዘሮ ፈቲሀ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሸንኮራ ሻጯን ይጠይቁ ነበር። ሸንኮራ ሻጯም የጎርፍን ልምምድ ሁሉ ያየች ናትና ታስረዳቸው ነበር።

«ኳሱን የያዘው ያ ቀጭኑ ነው። ሁሉም የሚፈልጉት እሱን ነው፣ ሊጥሉት» አለቻቸው።

«ለምን አልጣሉትም ታዲያ?»

«ትልቁ አለ አይደል? እሱ እያለ ማን ይነካዋል?»

«ትልቁ ልጄ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ጥላቸውን አጥፈው ከፊታቸው አስቀመጡትና ዓይናቸውን ከሜዳው አላነሡም።

የመጨረሻውም ሰዓት ደረሰ። ራምዚ ኳሱን ወረወረ፤ ኳሱ ግን ሊያስቆመው በዘለለው በሰይዶ የራስ ቁር ላይ ነጠረና ወደ ሰማይ ወጣ፤ ተሽከረከረ፤ የሚወድቅበትንም ሁሉም አንጋጦ ሲፈልግ፣ በዐምደ ቡታጅራ እቅፍ ውስጥ ወረደ። ጎርፍ ከነካው በኋላ ማንም መያዝ ይችላልና ዳኛይቱ ፊሽካ አልነፋችም። ሙዝደሊፋ ኳሱን አየው። በሩቅ ሲያየው የኖረውን ያህል ከባድ አልነበረም፤ እንዲያውም ቅልል አለው።

በፊቱ ሰው አልነበረም። የጎሉ መስመር፣ የሰይዶ ሰጋቱራ፣ ጥቂት ርምጃ ላይ ነበር። የቡታጅራ ሰዎች፣ ጎማ ለጣፊውም ሾፌሮቹም፣ በአንድ ድምፅ «ሂድ» አሉት። እሱም ሄደ፤ ነገር ግን ወደ መስመሩ ሳይሆን ወደ ሜዳው ዳር፣ ወደ እናቱ ሄደ። የጎርፍ ሰዎች ደርሰው እግሩን ያዙ፣ ክንዱን ያዙ፤ ሰይዶ ደግሞ በጀርባው ተንጠለጠለ። እሱ ግን ሁሉንም ተሸክሞ ይራመድ ነበር።

«ወንድሜ፣» አለው ሰይዶ ከጀርባው ሆኖ፣ «መስመሩ እኮ በዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለው። «መጀመሪያ ላሳያት።»

ከድንበሩም ደርሶ በእናቱ ፊት ቆመ፤ ኳሱንም በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። «ኡሚ፣ ይኸው» አለ።

ወይዘሮ ፈቲሀ ኳሱን ተቀብለው በጭናቸው አኖሩት። ከዚያም ልጃቸውን አልፈው ወደ ሜዳው መሀል አዩ። በዚያ ራምዚ ሁለት እጁን በራሱ ላይ አድርጎ፣ ተገርሞ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ከጎርፍ ሰዎች አንዱ፣ የራስ ቁሩ ዞሮ ዓይኑን የሸፈነበት ግዙፍ ሰው፣ የሆነውን ሁሉ ስላላየ አሁንም ወደ ራምዚ እየሮጠ ነበር።

«አየሁት» አሉ ወይዘሮዋ። «አሁን ወደ ቦታህ ተመለስ። ያ ልጅ ብቻውን ቀርቷል።»

ሙዝደሊፋም ዞሮ አየ። በዚያን ጊዜ ዐምደ ቡታጅራ በዘመኑ ሁሉ ያልሠራውን ሠራ፤ ሮጠ። የተንጠለጠሉበት ሰዎች እንደ በሰለ ሾላ በየመንገዱ ወደቁ፤ ሰይዶ ብቻ ጥቂት ቆይቶ እሱም ወረደ። ሙዝደሊፋ ግን ደረሰ። በራምዚና በግዙፉ ሰው መካከል ገባ፤ ገብቶም ቆመ። ዓይኑ የተሸፈነው ሰው በደረቱ ላይ ተጋጭቶ ተቀመጠ፤ «አገባሁ እንዴ?» ብሎም ጠየቀ። ግዙፉ ሰው በኋላው እየመጣበት እንደ ነበር ራምዚ ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

ዳኛይቱ ሚስጥር ፊሽካዋን ነፋች፤ እየተራመደችም ወደ ወይዘሮ ፈቲሀ ሄደች፤ ኳሱን በጭናቸው አየች። ሁለቱም ወገን ፍርድ ጠበቀ። እሷም ይህን ዐወጀች፦ «ኳሱ እሳቸው ዘንድ ነው። እሳቸው ደግሞ የማንም ቡድን አይደሉም። ስለዚህ ጨዋታው አልቋል፤ ያለ ጎል አቻ ነው።» ወይዘሮዋም ኳሱን በሻርፓቸው ጫፍ ጠርገው መለሱላት። የሞላላው ኳስ ሊግ የመጨረሻ ውጤት ይህ ነው፤ የመጀመሪያውም ይኸው ነበር።

በመመለሻው መንገድ አውቶቡሱ ውስጥ ቅሬታ ነበር። ፍየሊቱ እንኳ ሳትሸጥ ተመልሳለች። ጎማ ለጣፊው ዝም ማለት አቅቶት ወደ ፊት ተጠጋና፣ «ሙዝዴ፣ መስመሩ እኮ ሁለት ርምጃ ነበር። ወልቂጤን ማሸነፍ እኮ ነው» አለ።

ወይዘሮ ፈቲሀ ዞሩ።

«አንተ፣» አሉት፣ «መኪና በክሪክ አንሥተህ፣ ጎማውን ፈትተህ፣ ሰው ሥሩ ገብቶ እያለ ትተኸው ትሄዳለህ?»

«አልሄድም እትዬ።»

«እሱም አልሄደም።»

ከዚያ በኋላ በአውቶቡሱ ስለ መስመሩ የተናገረ የለም። ወይዘሮዋም ከሾፌሩ ጀርባ ተነሥተው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ፤ አረቅጥን ካለፉ በኋላም እንዲህ አሉ፦ «የዚያ የራምዚ ሸሚዝ እንኳ አልቆሸሸም።» ሙዝደሊፋም በሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ በዚያን ጊዜ ፊቱ ምን ይመስል እንደ ነበር ያየ ሰው ስለሌለ አንጽፈውም።

ሰኞም በሆነ ጊዜ ከመርካቶ ስልክ ተደወለ። ወንድማቸው ልጁ መቼ እንደሚመጣ ጠየቁ፤ ወይዘሮዋም አይመጣም፣ ሥራ ይዟል አሉ። ምን ሥራ ቢሏቸው፣ «ሰው እንዳይጎዳ ፊቱ ይቆማል» አሉ። ወንድማቸውም፣ «ጥበቃ ነው?» አሉ። «አዎን፣ ጥበቃ ነው» ብለው ዘጉት። ሙዝደሊፋ ግን በዚያው ጠዋት ፍራሽ ተሸክሞ ወደ ሥራው ሄዶ ነበር። የነጎድጓድ ሠራዊትም ተበትኖ፣ ራምዚ ወደ መቀሱ፣ ሾፌሮቹ ወደ ባጃጃቸው ተመለሱ፤ ራምዚም ከዚያ ወዲህ የሙዝደሊፋን ጸጉር ሲያስተካክል ማንም ተራ አይጠይቅም።

ስለዚህ፣ ጎል ሳያገባ ስሙ የገነነ፣ ኳስ ይዞ መስመር ያልተሻገረ፣ ተሸክሞ የሚራመድ፣ ተጠርቶ የሚመለስ፣ በቆመበት የሚታመን ዐምደ ቡታጅራ ሙዝደሊፋ ዘመኑ ይርዘም፣ ጀርባው አይድከም፣ በሩ ሁሉ ለፍራሹ ይስፋለት እያልን እናወድሰዋለን። ከእኛ ውዳሴ የሚበልጠውን ግን በገበያ ቀን በዓይናችን አየን። ያች በሰርጉ ላይ የሳቀችው ሴት በርበሬ ልትገዛ ወደ ወይዘሮ ፈቲሀ መደብ መጥታ፣ ጨዋታው ምን ዓይነት እንደ ሆነ ጠየቀች። ወይዘሮዋም በጆንያው ላይ በርበሬ ይደረድሩ ጀመር፤ ቀጫጭኖቹን በወዲያ በኩል፣ እንዲያጠቁ፤ አንዷን ሚጢጢ በወዲህ፣ እሷ ራምዚ ናት፤ በመካከላቸውም ከጆንያው ሁሉ የተመረጠ፣ ትልቁን፣ ደም የመሰለውን አንድ ዛላ አኖሩ። ማን ወዴት እንደሚሮጥ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ በጣታቸው እየገፉ አሳዩዋት። ሴትየዋም አዳምጣ ከጨረሰች በኋላ መግዛት ጀመረች፤ ከሁሉ አስቀድማም እጇን ወደ ትልቁ ዛላ ዘረጋች።

ወይዘሮ ፈቲሀ እጇን ያዙት። «እሱን ተይው» አሉ። «እሱ ሥራ ላይ ነው።»